ክኒኑን ሳናቋርጥ ሙቀቱን ማብረድ፦ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማረጥ

ሚያዝያ ነው፤ አዳማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጎረቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበናል። ሁሉም ሞቀን እያለ ነው፤ ግን ይጫወታል፣ ይስቃል። እኔ ስኒውን እንዳነሳሁ ከደረቴ አንድ ነገር ተነሳ። አንገቴን፣ ፊቴን፣ ራስ ቅሌን አነደደው። ላቡ በጆሮዬ ኋላ ወረደ። ልቤ ይመታል። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲለቀኝ ደግሞ በረደኝና ነጠላዬን ደረብኩ።

«ልጄ፣ ምች ነው የመታሽ። ዳማ ከሴ ላሽልሽ» አሉኝ የቤቱ ባለቤት። «እሺ እትዬ» ብዬ ተቀበልኳቸው።

ምች አልነበረም። ማረጥ ነው። ያኔ 43 ዓመቴ ነው። ኬሞ ጨርሼ፣ የጡት ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚወሰደውን ታሞክሲፈን የተባለ ክኒን ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ነበር። ይህ ሙቀት እንደሚመጣ አላወቅኩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እንቅልፍ ሲያሳጣኝ ማንንም ሳላማክር ክኒኑን ለሦስት ሳምንት ተውኩት። ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ያለ መሰለኝ። ፍርሃቱ ግን ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ጀመር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያንን ሦስት ሳምንት ሌላ ሴት እንዳትደግመው ነው። ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የጻፍኩት ሐኪሞቼን እየጠየቅኩ ያጣራሁትንና በራሴ ላይ የሞከርኩትን ነው። መድኃኒት የሚያዝልሽ የራስሽ ሐኪም ነው።

ከመጀመርሽ በፊት፦ ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ ይህ ክፍል ሆደ ባሻ ይሆናል። የሰውነትሽ ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል «ተቃጠልን» ብሎ ያውጃል። የቆዳ ደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ላብ ይወርዳል። ትኩስ ቡና፣ የከሰል ፍም፣ የተጨናነቀ ታክሲ፣ ድንጋጤ፣ ማንኛቸውም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

በተፈጥሮ ማረጥ የሚመጣው በአብዛኛው 50 ዓመት አካባቢ ነው፤ ቀስ እያለ፣ ዓመታት ወስዶ። በሕክምና ምክንያት ሲመጣ ግን በሳምንታት ውስጥ ድንገት ነው። ኬሞ እንቁልጢን፣ ማለትም የሴቷ እንቁላል የሚመረትበትን ክፍል፣ ሊጎዳ ይችላል። አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የሚባሉት ክኒኖች ኤስትሮጅንን ያወርዳሉ። ታሞክሲፈን ደግሞ ኤስትሮጅን ጡት ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። እንቁልጢን የሚያስተኛ መርፌም አለ፤ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴትም አለች። ስለዚህ «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ እንዲህ የከፋብኝ?» አትበይ። ድንገተኛው ማረጥ በእርግጥም ይከብዳል።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት። ዕጢሽ ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ማለትም በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ክኒኑ ጠባቂሽ ነው። ታሞክሲፈን የሚወሰደው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ይህ ዓይነት ዕጢ የነበራቸው ሴቶች 5 ዓመት ሲወስዱት፣ በ15 ዓመት ክትትል በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ክኒኑን እየወሰድሽ የምታደርጊው ነው።

እርምጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ቁጠሪ

የልጅ ደብተር ይበቃል። ሙቀቱ በመጣ ቁጥር አንድ ጭረት። ከጎኑ ሰዓቱንና ስታደርጊ የነበረውን ጻፊ፦ «ጠዋት 2፡30፣ እንጀራ ስጋግር»፤ «ሌሊት 8 ሰዓት፣ ልብሴ ርሷል»። ልብስ ያስቀየረሽ ከሆነ ጭረቱን ክበቢው።

የእኔ የመጀመሪያ ሳምንት በቀን በአማካይ 11 ነበር። ደብተሩን ሳየው ግማሹ ከምጣድና ከቡና ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት። ይህን በጭንቅላቴ አላውቀውም ነበር። ሐኪም ቤት ስትሄጂም «ይሞቀኛል» ከማለት «በቀን 11 ጊዜ፣ ሌሊት ሦስቴ ያስነሳኛል» ማለት በጣም ይለያል። የሚሰጥሽ መድኃኒት መሥራቱንም የምታውቂው በዚሁ ቁጥር ነው።

እርምጃ 2፦ ቴርሞሜትር ግዢ

አዳማ ወባ አለባት። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ትኩሳት ካመጣች ጉዳዩ ድንገተኛ ነው። የማረጥ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ መጥቶ ይሄዳል፤ ቴርሞሜትሩ ላይ እንደ ትኩሳት አይታይም። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየሽ ማረጥ ነው ብለሽ አትቀመጪ። ኬሞ ላይ ከሆንሽ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ኬሞ የጨረስሽ ከሆነም በዚያው ቀን የወባ ምርመራ አድርጊ።

እርምጃ 3፦ ቤትሽንና ቀንሽን አብርጂ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የአዳማን ፀሐይ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ምክር ለእኛ አይበቃም።

ልብስ። ፖሊስተር ላብ ያፍናል። ጥጥ ልበሺ። አንድ ወፍራም ከመልበስ ሁለት ስስ መደረብ ይሻላል፤ ሲመጣብሽ አንዱን ታወልቂያለሽ። ነጠላ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ጡትሽ የተነሳ ከሆነና ሰው ሠራሽ ጡት የምታደርጊ ከሆነ፣ ሲሊኮኑ ሥር ላብ ይጠራቀማል። ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ አድርጊ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ በጥጥ የተሞላ ቀላል ነገር ይበቃል።

ወጥ ቤት። እንጀራ የምትጋግሪ ከሆነ ጎህ ሲቀድ፣ ከተማው ሳይግል ጨርሺ። ምጣዱን በር አጠገብ አድርጊው። ከምጣዱ ጎን እርጥብ ፎጣ ይኑር። ሲጀምርሽ አንገትሽ ላይ አድርጊው፤ የእጅሽን አንጓም በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቢ። የሚረዳሽ ሰው ካለ ደግሞ ያለ ይሉኝታ አስረክቢ።

ቡና። ተዪው አልልሽም፤ እኔም አልተውኩትም። ለአንድ ሳምንት ብቻ አቁሚና ደብተርሽን እዪ። ጭረቱ ከቀነሰ ቡናው ይነካሻል ማለት ነው። ያኔ አቦሏን ብቻ፣ እሷንም በረድ አድርገሽ ጠጪ። ከፍሙ ራቂ፤ በር ላይ ተቀመጪ። በርበሬንም በዚሁ መንገድ ፈትኚው። አንዷን ሚጥሚጣ ያነዳታል፣ ሌላዋን ምንም አይላትም። መጠጥ ሙቀቱን ከመቀስቀሱ ሌላ በሽታው እንዳይመለስም መቀነሱ ይመከራል።

ሌሊት። ከባዱ ይሄ ነው። በወፍራም ብርድ ልብስ ፋንታ አንሶላና ጋቢ ለየብቻ አድርጊ። አልጋሽ ጎን ደረቅ ቅያሪ፣ ፎጣና ውሃ አስቀምጪ፤ መብራት አብርተሽ ስትፈልጊ እንቅልፉ ጨርሶ እንዳይጠፋ። በሸክላ የተቀመጠ ውሃ መብራት ቢጠፋም ቀዝቃዛ ነው። ቬንትሌተር ካለሽ ወደ እግርሽ አዙሪው። መብራት ሲሄድ የቡናው ማራገቢያ አለ፤ አንዱን ለራስሽ ለይተሽ ትራስ ሥር አድርጊ። አጎበሩ ያፍነኛል ብለሽ ግን አታውልቂው፤ ወባውን አስቢ።

መንገድ። ለክትትል አዲስ አበባ የምንመላለስ ብዙ ነን። መኪና ውስጥ መስኮት መክፈት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። «እባክሽ ዝጊው፣ ንፋስ ይመታናል» ይላል ከኋላ ያለው ሁሉ። እኔ አሁን በማለዳ እሄዳለሁ፤ መስኮት ጥግ እይዛለሁ። አጠገቤ ለሚቀመጠው ሰው ገና ሳንነሳ «ሕክምና ላይ ነኝ፣ መሐል ላይ ትንሽ ሊሞቀኝ ይችላል» እለዋለሁ። ይህን ብዬ የከለከለኝ ሰው የለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ አንድ አባት መቀመጫቸውን ለቀውልኛል።

ሲጀምርሽ ደግሞ ቀስ ብለሽ በሆድሽ ተንፍሺ፤ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል። የሙቀቱን ቁጥር ላይቀንሰው ይችላል። ድንጋጤውን ግን ይቀንሳል፤ ድንጋጤ ደግሞ ራሱ ሙቀት ይጨምራል። ለራስሽ የምትይውም ለውጥ አለው። «ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፣ አለቀልኝ» ከማለት «ሦስት ደቂቃ ነው፣ ያልፋል» በይ። በሥነ ልቦና ባለሙያ እርዳታ ሐሳብንና ልማድን የማስተካከል ሕክምና፣ ከጡት ካንሰር በኋላ ባሉ ሴቶች ላይ ሙቀቱ የሚያደርሰውን ጭንቀት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል።

እርምጃ 4፦ ካልበቃ መድኃኒት ጠይቂ፤ ሆርሞን ግን አይደለም

ሌሎች ሴቶች ለማረጥ የሚወስዱት የሆርሞን ክኒን ለኛ አይመከርም። ስዊድን ውስጥ የተጀመረ አንድ ጥናት፣ ከጡት ካንሰር በኋላ ሆርሞን በወሰዱ ሴቶች ላይ በሽታው በብዛት ስለተመለሰ በፈረንጆቹ 2003 ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆሟል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «እኔ ወስጄው ተሻለኝ» ብሎ ቢልክልሽ አመስግነሽ አስቀምጪው።

ሆርሞን የሌላቸው መድኃኒቶች ግን አሉ። ቬንላፋክሲን በዋናነት ለድብርት የተሠራ ነው፤ በአነስተኛ መጠን ሙቀቱን ያበርዳል። በአንድ ጥናት በቀን 75 ሚሊግራም የወሰዱት ሴቶች ሙቀት 60 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን የወሰዱት ላይ 27 በመቶ። ታዲያ በራስሽ ጊዜ በድንገት አይቆምም፣ የደም ግፊትሽም መታየት አለበት። ጋባፔንቲን ሁለተኛው ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚል ሌሊት ለምትነቂ ሴት ማታ መውሰዱ ይስማማል። ክሎኒዲንና ኦክሲቡቲኒንም አማራጮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ግፊት ያወርዳል፣ ሁለተኛው አፍ ያደርቃል።

ይህን ደግሞ አስምሪበት። ታሞክሲፈን የምትወስጂ ከሆነ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች አይስማሙሽም። ታሞክሲፈን ጉበት ውስጥ ወደ ጠንካራው መልኩ ካልተለወጠ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም፤ እነዚህ ሁለቱ ያንን ለውጥ ያግዳሉ። ለእኔ አንድ ክሊኒክ «ለጭንቀትሽ» ብሎ ፍሉኦክሴቲን ጽፎልኝ ነበር። ሌላ ምን ትወስጂያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ የትም ስትሄጂ የክኒንሽን ፓኮ በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ፤ አውጥተሽ አሳዪ። አሁን ፍሉኦክሴቲን ላይ ካለሽ በራስሽ አታቋርጪው፤ ሐኪምሽ በሌላ ይቀይርልሽ።

ታሞክሲፈንን ራሱን የምትወስጂበትን ሰዓት መቀየርም ይቻላል፤ ጠዋት የነበረውን ወደ ማታ። አንዳንድ ሴቶች ይቀልላቸዋል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። የረመዳን ጾመኛ በአፍጥር ወይም በሱሁር፣ የዐቢይ ጾም ጾመኛም ማታ ልትወስደው ትችላለች። በጾም ሰበብ የሚዘለል ቀን አይኑር።

እርምጃ 5፦ ስለ ድርቀቱ ተናገሪ

ይሄኛውን ከእናቴ ጋር እንኳ አላወራሁትም። ብልት ይደርቃል፣ ይሳሳል፣ ያሳክካል፣ ግንኙነት ያማል። ሙቀቱ ከጊዜ ጋር ሊቀንስ ይችላል፤ ድርቀቱ ግን ዝም ካሉት የሚብስ ነው።

ፋርማሲ ስሄድ ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ድምፄ አልወጣ አለ። በሁለተኛው ቀን በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩት፦ «በውሃ የተሠራ የማለስለሻ ጄል፤ ሽታ የሌለው፣ የማያሞቅ፤ ሆርሞን የሌለው»። ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጠኋት። አነበበችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አለ እህቴ፤ ሁለት ዓይነት ነው፣ ላሳይሽ» አለችኝ። በቃ፤ ይኸው ነበር። ወረቀቱን አንቺም እንዳለ ገልብጪው።

ማለስለሻው በግንኙነት ሰዓት የሚደረግ ነው። ለዘወትር ድርቀት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚቀባ፣ ሆርሞን የሌለው የብልት ማለዘቢያ አለ። ቫዝሊን ለውስጥ አይሆንም። ቅባትነት ያለው ሁሉ ደግሞ ኮንዶም ያሳሳል። ውስጡን በሳሙና አትታጠቢ፤ ውጪውን ለብ ባለ ውሃ ብቻ።

ስለ ወይባ ጢስም ልናገር፤ ብዙ ሴት ለዚህ ችግር ወደ ጢስ ስለምትሄድ። ሙቀቱን ይቀሰቅሳል፣ የሳሳ ቆዳ ላይ ይከብዳል። በብብትሽ በኩል ንፍፊት በቀዶ ሕክምና የወጣልሽ ከሆነ ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት የክንድ እብጠት ሊያመጣ ወይም ሊያባብስ ይችላል። ለሶደሬ ፍል ውሃም ያው ነው፤ ዘመድ ይዞሽ ከሄደ ጥላው ሥር ተጫወቺ፣ የጋለው ውሃ ውስጥ አትዘፍዘፊ።

ይህ ሁሉ ካልረዳሽ፣ በብልት የሚደረግ አነስተኛ ኤስትሮጅን ይሆነኛል ወይ ብለሽ የካንሰር ሐኪምሽን ጠይቂ። በተለይ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል የምትወስጂ ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ያለ እሱ ፈቃድ አትጀምሪ።

ባልሽንም አስረጂው። ዝም ስትዪ «ጠላችኝ» ይላል። እኔ ያልኩት ይህ ነው፦ «አንተን ጠልቼ አይደለም። መድኃኒቱ አድርቆኛል፤ ያመኛል። ቀስ ብለን እንሞክር፣ ካመመኝ እነግርሃለሁ።» ከዚያ ምሽት በኋላ ማራገቢያውን እሱ ነው የሚያነሳው።

እርምጃ 6፦ የወር አበባ ስለቀረ እርግዝና ቀረ ማለት አይደለም

ኬሞ ያቆመው የወር አበባ በተለይ ወጣት በሆነች ሴት ላይ ሊመለስ ይችላል። ታሞክሲፈን ላይ ሆኖ ማርገዝ ለፅንሱ አደገኛ ነው። የምናውቀው የሦስት ወር መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውና የወሊድ መከላከያ ክኒኑ ሁሉም ሆርሞን ናቸው፤ ለኛ አይሆኑም። የሚሆነው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። ጤና ጣቢያ ስትገቢ አፍሽን ሞልተሽ «የጡት ካንሰር ነበረብኝ» በይ።

እርምጃ 7፦ አጥንትና መገጣጠሚያ

ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽና ጉልበትሽ ደርቀው የምታገኚያቸው ከሆነ፣ በተለይ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል ላይ የተለመደ ነው። መፍትሔው መተኛት ይመስላል፤ መንቀሳቀስ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን። አዳማ ላይ ሰዓቱ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ነው፤ አቧራውና ፀሐዩ ሳይነሳ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ውሃ የሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ቀስ እያልሽ አንሺ፤ ክንድሽ ካበጠ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ። ሕመሙ ካልቻልሽው ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ ሊለውጠው ይችላል።

ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንትም ይሳሳል። በቀን 1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልግሻል። ወተት፣ እርጎና አይብ ጥሩ ናቸው። በጾም ወቅት ጤፍ፣ ጎመንና ያልተፈተገ ሰሊጥ አሉልሽ። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራና ቫይታሚን ዲ እንደሚያስፈልግሽ ጠይቂ።

ስለ ቅጠላ ቅጠል

ተልባ፣ አብሽ፣ አኩሪ አተር እንደ ምግብ በልክ ሲበሉ ችግር የለባቸውም። ተልባ ለሙቀት ይረዳ እንደሆነ በጥናት ተፈትኖ፣ ለማነጻጸር ከተሰጠው ተልባ የሌለበት ምግብ የበለጠ አልሠራም። ውድ በሆነ ዋጋ «ለማረጥ» ተብለው በጣሳ የሚሸጡት ዱቄቶችና እንክብሎች ግን ኤስትሮጅን መሰል ነገር ሊኖራቸው ይችላል፤ ተያቸው። ለእትዬም ዳማ ከሴውን አሽትቼ፣ «ሐኪም ከልክሎኛል» ብዬ በክብር መለስኩላቸው።

ሳትውዪ ሳታድሪ የምትሄጂባቸው ምልክቶች

የወር አበባሽ ከቀረ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ብታዪ፣ ታሞክሲፈን የማህፀን ግድግዳን ሊነካ ስለሚችል መታየት አለብሽ። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። መኖር ካስጠላሽም እንዲሁ። ይህም ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ ብቻሽን አትሸከሚው።

እርምጃ 8፦ የሐኪም ቀጠሮ

ደቂቃዋ አጭር ናት። ሰልፉ ረጅም ነው። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ ከላይ ይህን ጻፊና አንብቢላቸው፦

«ዶክተር፣ ታሞክሲፈን ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። በቀን 11 ጊዜ ይሞቀኛል፣ ሌሊት ሦስቴ ያስነሳኛል። ክኒኑን ማቋረጥ አልፈልግም። ከታሞክሲፈን ጋር የሚስማማ፣ ሆርሞን የሌለው መድኃኒት ይኖር ይሆን?»

አቋርጠሽው ከነበረም ተናገሪ። እኔ ሦስቱን ሳምንት ስናገር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ አልተቆጡም። «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፤ ዛሬ ማታ ጀምሪው» አሉና ለሙቀቱ ጋባፔንቲን ጻፉልኝ። በስድስተኛው ሳምንት ጭረቱ ከ11 ወደ 5 ወርዶ ነበር።

ክኒንሽ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሪ። አዳማ ውስጥ አንዱ ፋርማሲ ከሌለው ሌላው ጋ ሊኖር ይችላል፤ ካጣሽም አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ማዘዣውን የምትልኪበት ጊዜ ይኖርሻል።